የጎጃም መናኸሪያዎች ሲገመገሙ፦ ስምሪቱ፣ ታሪፉና የመጨረሻዋ መኪና

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ በኩልም ሆነ በሞጣ፣ መናኸሪያ ገብቶ ወንበር የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው አገልግሎት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። በሩ ላይ ተቆጣጣሪ ይቆማል፣ ታሪፉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ መኪኖቹ ተራ ይዘው ተሰልፈዋል። ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ድረስ ነገሩ ደህና ነው። ወረፋ ቢኖርም ይንቀሳቀሳል፣ የሚጠየቀው ገንዘብም ከተለጠፈው ቢበልጥ እንደ ከሰዓቱ አይርቅም። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ያው ግቢ ሌላ ቦታ ይመስላል። መኪና የለም፤ ያለውም "ሞልቷል" ይባላል፤ ከአጥሩ ውጭ ግን ጨመር ላደረገ ሰው ወንበር አይጠፋም። በገበያ ቀን ይህ ሁሉ ከዚያም ቀድሞ ይጀምራል።

ብዙ ተሳፋሪ ጥፋቱን ለሾፌርና ለረዳት ይሰጣል። ስግብግብነት የለም አንልም። የአገልግሎቱ ዋና ሕመም ግን መኪናው ሳይነሳ፣ ስምሪቱ ሲታቀድ ጀምሮ ያለ ነው። የትራንስፖርት አስተዳደሩ በመስመሩ ላይ ስንት መኪና እንዳለው ያውቃል፤ ስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይመዘግብም። ከዚህ በታች የሚነሱት አብዛኞቹ ብልሽቶች ከዚህ ይመነጫሉ።

ማን የቱን መስመር ይይዛል

ቅሬታ ያለው ሰው ግማሽ ድካሙ የተሳሳተ በር ማንኳኳት ስለሆነ ይህን አስቀድሞ መለየት ይጠቅማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይን ተሻግሮ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የሚገባው አውቶቡስ ክልል ተሻጋሪ ስለሆነ ጉዳዩ በዋናነት በዚያ በኩል ነው። ከዞን ዞን የሚሄደው የክልሉ ትራንስፖርት ቢሮ ነው። ከማርቆስ ፍኖተ ሰላም የሚሄደው ሚኒባስ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ አንዷ የምሥራቅ፣ ሌላዋ የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናትና። በዞኑ ውስጥ ከወረዳ ወረዳ ያለውን የዞኑ መምሪያ፣ ከወረዳ ከተማ ወደ ቀበሌ የሚወርደውን የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይከታተላል። ከተማ ውስጥ የሚሽከረከረው ባጃጅ ደግሞ የከተማ አስተዳደሩ ነው።

ከጎናቸው የባለንብረቶች ማኅበር አለ። ተራ የሚያስይዘው፣ ከአባላቱ መዋጮ የሚሰበስበው እሱ ነው። ተሳፋሪው ተራ አስከባሪውን የመንግሥት ሠራተኛ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን የማኅበሩ ወይም ተደራጅተው የሚሠሩ ወጣቶች ሰው ነው። ስለዚህ ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ላብ ማፍሰስ ብቻ ነው፤ መቅጣትም ማስቀጣትም አይችልም። ሥልጣን ያለው "መውጫ" የሚባለውን የመነሻ ወረቀት የሚቆርጠው ተቆጣጣሪ ነው።

መውጫ

ከመናኸሪያው ሥራ ሁሉ በአግባቡ የሚሠራው ይህ ነው። መኪናው ሲሞላ ተቆጣጣሪው በመስኮት አንገቱን አስግጎ ይቆጥራል፤ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ መነሻና መድረሻውን፣ የወጣበትን ሰዓትና የተሳፋሪውን ብዛት ይጽፋል፤ አንዱን ቅጠል ቀዶ ለሾፌሩ ይሰጣል፣ ቀሪው በጥራዙ ላይ ይቆያል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ወረቀቷን አይቶ ሰንሰለቱን ያወርዳል። መንገድ ላይ ትራፊክ ሲያስቆም መጀመሪያ የምትታየውም እሷ ናት። የሰው ብዛት ከመውጫው ከበለጠ ትርፍ ጭኗል ማለት ነው፤ ክርክር የለውም።

ታዲያ ያ ጥራዝ የት ይገባል? መሳቢያ ውስጥ። ለሒሳብ ማወራረጃ ካልሆነ አይወጣም። በአንድ ሳምንት የተቆረጠ መውጫ በሰዓትና በመድረሻ ቢደመር፣ ያለ ኮምፒውተር፣ በአንድ ደብተርና በአንድ ሠራተኛ የሁለት ቀን ሥራ፣ ዞኑ የሚፈልገው የዕቅድ መነሻ ተገኘ ማለት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሠራ ይበቃል፤ አንድ ጊዜ በጥርና በየካቲት፣ ሰርግና ገበያ በሚደራበት ወቅት፣ አንድ ጊዜ በክረምት። መውጫው የማይነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪና አጥቶ የተመለሰውን ሰው። ለእሱ 10 ሰዓት ላይ ወረፋው ላይ የቀረውን ራስ መቁጠር ነው።

ይህ ባለመደረጉ ምን እንደሚከተል በቁጥር እንየው። ከማርቆስ ፍኖተ ሰላም 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ በደምበጫና በጅጋ እየቆመ 2 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል እንበል፤ በየጫፉ ለመሙላት 30 ደቂቃ ቢታሰብ ደርሶ መልሱ 5 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት 12 ሰዓት የወጣች መኪና ለሁለተኛ ዙር የምትገኘው 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ ዙር የምትመለሰው 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ሦስተኛ ዙር የለም። ከ12 እስከ 2 ሰዓት 180 ሰው ቢመጣ፣ 12 ወንበር ባላት ሚኒባስ 15 መኪና ያስፈልጋል፤ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ አንዷም ተመልሳ አትደርስም። ሪፖርቱ "በመስመሩ 20 ተሽከርካሪ ተሰማርቷል" ይላል፤ እውነት ነው። ግማሾቹ ግን ፍኖተ ሰላም አድረዋል። ማርቆስ ላይ ያሉት 10 ናቸው፤ 60 ሰው ቆሞ ይቀራል። 45 ወንበር ያለው አውቶቡስ ቢሆን 4 ብቻ በበቁ ነበር፤ ነገር ግን እሱ ጠዋት ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ባዶውን ሊቆም ነው። የትኛው መኪና ለየትኛው ሰዓት የሚለው ጥያቄ የስምሪት ሁሉ ጥያቄ ነው፤ በየመናኸሪያው የሚሠራበት ደንብ ግን "ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል" ነው። ለባለንብረቶቹ ፍትሐዊ ነው። ለተሳፋሪው ግን ምንም አይፈይድም።

ታሪፍ

ታሪፍ የሚሰላው በሰው በኪሎ ሜትር ነው። በመኪናው ደረጃና በመንገዱ ዓይነት፣ አስፋልት ወይስ ጠጠር፣ ይለያያል። እስከዚህ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ለመረዳት ቀላል ነው፣ ማንም ሰው ኪሎ ሜትሩን ካወቀ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ችግሩ ሒሳቡ መኪናው ሲሄድም ሲመለስም ሙሉ እንደሚሆን መቁጠሩ ነው።

ለምሳሌ ታሪፉ 100 ብር ይሁን። ጠዋት ወደ ትልቁ ከተማ 12 ሰው ጭኖ 1,200 ብር ያገኛል። ሲመለስ በዚያ ሰዓት ወደ ገጠር የሚሄድ የለም፤ 4 ሰው ይዞ ይመጣል፣ 400 ብር። ሙሉ ደርሶ መልስ 2,400 ሊሆን ሲገባው 1,600 ሆነ፤ 800 ጎደለ። ሾፌሩ ይህን በሁለት መንገድ ይሞላዋል። 4 ትርፍ ሰው በርጩማና በሞተር ክዳን ላይ ያስቀምጣል፣ 400 ብር። ቀሪውን 400 በ16ቱ ሰው ላይ ያካፍለዋል፣ ለእያንዳንዱ 25 ብር። ጠዋት ጠዋት 100 ተለጥፎ 125 የሚጠየቅበት ምክንያት ይኸው ነው። ቅጣት ሲመጣ ደግሞ ቅጣቱ ራሱ ወጪ ይሆንና በማግሥቱ 130 ይሆናል። ይህን ስንል ጭማሪው ሕጋዊ ነው ማለታችን አይደለም። ቁጥጥር ብቻውን የማያቆመው ለምን እንደሆነ ለማሳየት ነው። ባዶ መመለስን የሚቀንስ ስምሪት፣ ለምሳሌ ጠዋት ከገጠሩ ጫፍ ብዙ መኪና አሳድሮ ማስነሳት፣ ከአሥር ተቆጣጣሪ የበለጠ ይሠራል።

የነዳጁ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከ2014 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ መንግሥት አጠቃላይ የነዳጅ ድጎማውን አንስቶ ለሕዝብ ማመላለሻ የታለመ ድጎማ አድርጎት ነበር፤ ተጠቃሚ ለመሆን መኪናው ተመዝግቦ ክፍያውን በቴሌብር መፈጸም ነበረበት። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ግዢው ራሱ ወደ ዲጂታል ክፍያ ገባ። ታሪፍ የሚሠራው በማደያ ዋጋ ነው። ማደያው ሲደርቅና ነዳጅ በጄሪካን ሲሸጥ ግን ሾፌሩ የከፈለው ሌላ ዋጋ ነው፤ ታሪፉ ያንን አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አይችልም። "ነዳጅ ጨመረ" ሲባሉ ተሳፋሪዎች ጭማሪው ተመጣጣኝ መሆኑን ራሳቸው ሊመዝኑት ይችላሉ። ሚኒባስ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢፈጅ ከላይ ያየነው 170 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 20 ሊትር ገደማ ይጠይቃል። ሊትሩ 10 ብር ቢጨምር ወጪው በ200 ብር ያድጋል። በ24 ሰው ሲካፈል ከ8 ብር ትንሽ ይበልጣል፤ በ16 ሰው ቢካፈል እንኳ 12 ብር ከ50 ነው። በዚህ ሰበብ 50 ብር የሚጠይቅ ረዳት ሌላ ነገር ጨምሯል።

ከበሩ ውጭ

በመናኸሪያና በከተማው መውጫ መካከል ያለችው አንዲት ኪሎ ሜትር አገልግሎቱ የሚፈርስባት ቦታ ናት። መኪናው 12 ሰው ይዞ በመውጫ ይወጣል። ቀድመው በደላላ የተነገራቸው አራት ሰዎች ማደያው አጠገብ ይጠብቃሉ። "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እናቴ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ" ተብሎ ይገባሉ። ትራፊክ ከሩቅ ሲታይ ረዳቱ "ጎንበስ!" ይላል፤ በርጩማ ላይ ያሉት ያጎነብሳሉ። ኬላ ሲቃረብ ደግሞ ወርደው በእግራቸው ያልፉና ከማዶ ይሳፈራሉ። ተሳፋሪው ራሱ ተባባሪ ነው፤ አለዚያ ሌላ መኪና የለውማ። የተሻለው ቁጥጥር ቦታው የሚለዋወጥ፣ ከተማው ካለቀ ከ5 እና ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ መውጫን ከራስ ብዛት ጋር የሚያስተያይ ነው። ኬላው ላይ ብቻ መቆም ጎንበስ የሚል ሰው ከማፍራት በቀር ፋይዳ የለውም።

አጭር ርቀት ተጓዥ ሌላው ተበዳይ ነው። ከማርቆስ ደምበጫ፣ ከዳንግላ ዱርቤቴ፣ ከቡሬ ቲሊሊ የሚሄድ ሰው ባሕር ዳር በሚገባ መኪና ላይ "ሙሉ ከከፈልህ ግባ" ይባላል። የረዳቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰውየው ደምበጫ ሲወርድ ወንበሩ ባዶውን እስከ ባሕር ዳር ሊሄድ ይችላል። መፍትሔውም ግልጽ ነው፤ ለአጭሩ መስመር የራሱ መኪና፣ የራሱ ወረፋ፣ የራሱ ታሪፍ። ይህ በተለየበት መናኸሪያ ጭቅጭቁ ይረግባል። ባልተለየበት ግን ተሳፋሪው ሦስት ኪሎ ሜትር በእግሩ ወጥቶ መንገድ ዳር እጁን ያወጣል።

የታወቁ ቀኖች

አስተዳደሩን አጥብቀን የምንወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ድንገተኛ የሆነን ነገር ማቀድ ይከብዳል። ፋሲካ ግን ድንገተኛ አይደለም። ጥምቀትም፣ መስቀልም። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ በየዓመቱ በዚያው ቀን ይውላል፤ ከባሕር ዳርም ከማርቆስም በኩል ሰው ይጎርፋል። የደብረ ማርቆስ፣ የእንጅባራና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚጠሩበትና የሚለቁበት ቀን በማስታወቂያ ይነገራል። ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል የሚሄደው ሕዝብ ከቲሊሊ ተገንጥሎ ወደ ሰከላ ሲገባ መኪና የሚያጣው በየትኛው ወቅት እንደሆነ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሳምንታዊው ገበያም በየከተማው ቀኑ የተቆረጠ ነው።

ለእነዚህ ቀኖች የሚደረገው ዝግጅት ባብዛኛው በዋዜማው ለማኅበራት የሚጻፍ ደብዳቤ ነው። በዚያን ጊዜ መኪኖቹ ለሰርግና ለጉዞ በኮንትራት ተይዘዋል። ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በዚያ ቀን ጭር ከሚለው መስመር ስንት መኪና እንደሚነሳ፣ በየትኛው ታሪፍ እንደሚሠራና የት እንደሚያድር በስም ዝርዝር ቢወጣ ብዙው ይቃለላል። የማደሪያው ነገር እንደ ትንሽ ይታያል እንጂ ወሳኝ ነው፤ ሾፌር ሌላ ከተማ ሄዶ ያለ አጥርና ያለ ዘበኛ አያድርም።

የመጨረሻዋ መኪና

ከ10 ሰዓት በኋላ ሾፌር የማይወጣው ስንፍና ይዞት አይደለም። የሕዝብ መኪና በሌሊት አይነዳም፤ ከወጣ እዚያው ሊያድር ነው። አልጋ አለ፣ እራት አለ፣ ጠዋት ደግሞ በሌላው መናኸሪያ የወረፋው ጭራ ላይ መሰለፍ አለ። ይህን ሁሉ ተሳፋሪው ላይ ይጭነዋል፤ የመጨረሻዋ መኪና ዋጋ እጥፍ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሐኪም ቤት የወጣ በሽተኛ፣ ከፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚመለስ ገበሬ፣ በዚህች ሰዓት ነው መናኸሪያ የሚደርሰው።

የሚሠራው ዘዴ ተረኛ መመደብ ነው። እስከ 50 ኪሎ ሜትር ባለ መስመር ላይ በየቀኑ አንድ መኪና 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቢሞላም ባይሞላም፣ በታሪፍ ይወጣል። ለዚህ ውለታው በማግሥቱ ጠዋት በደረሰበት መናኸሪያ ወረፋ ሳይጠብቅ አንደኛ ይጭናል። ለመንግሥት ምንም ወጪ የለውም፤ ለሌሎቹ ባለንብረቶችም በቀን አንድ ወረፋ ብቻ ነው። የሚፈርሰው በሁለት ምክንያት ነው፤ ሁለቱ መናኸሪያዎች በስልክ ካልተነጋገሩና ተረኛው ሰሌዳ ላይ ካልተጻፈ። ተሳፋሪው ተረኛ መኪና መኖሩን ካላወቀ 9 ሰዓት ላይ ለደላላ ይከፍላል።

ወደ ቀበሌ

የገጠሩን መስመር እንደ ከተማው መመዘን አይገባም። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ በዩራፕ፣ ማለትም ቀበሌዎችን በመንገድ በሚያገናኘው የገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ የተሠሩት መንገዶች ከዚያ በፊት በቅሎ ብቻ ይሄድበት የነበረውን ብዙ ቀበሌ ከወረዳው ከተማ አገናኝተዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መንገዱ መኖሩና መኪና መግባቱ ይለያያሉ። በእነማይና በደጀን በኩል ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ዝናብ ሲነካው ይነፋል፣ ጎማ ይጠመጥማል፤ ጠጠሩ ከላይ ሳስቶ ከሆነ ሰኔ ላይ መስመሩ ይዘጋል። በሜጫ በኩል ያለው ቀይ አፈር ቶሎ ይደርቃል፤ ዳገት ላይ ግን ያንሸራትታል። ሁለቱንም የሚያበላሻቸው አንድ ነገር ነው፤ ውኃ። ቱቦው በደለል ይደፈናል፣ የጎኑ ቦይ ለእርሻ ይታረሳል፣ ውኃው መሐል መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። አንድ ክረምት ይበቃዋል።

እንዲህ ሲሆን ሚኒባሱ ይቀርና በገበያ ቀን አይሱዙ የጭነት መኪና ሰውን ከእህል ጋር ይጭናል። የተከለከለ ነው፤ አደጋው ሲደርስም የሚጎዳው ሰው ብዛት የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው፤ የሚይዙት የለ፣ ጆንያው ከላያቸው ይወርዳል። በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ መንገድ የሚያስጠግነውና መኪና የሚያሰማራው ባለሙያ ጎን ለጎን እየተቀመጡ፣ የትኛው ቱቦ ቢጠረግ የትኛው መስመር እንደሚከፈት አይመካከሩም። ግንቦት ውስጥ ቱቦ መጥረግ የአንድ ቀን የሕዝብ ሥራ ነው። መስከረም ላይ መንገዱን መልሶ መሥራት ግን በጀት ይጠይቃል።

መኪናው ራሱ

ወደ አዲስ አበባ ለሚወርድ ተሳፋሪ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ መውጣት ነው፤ በመሐሉ በጃፓን ድጋፍ የተሠራው ድልድይ አለ። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሾፌር የፍሬኑን ሸራ ያቃጥላል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ሲመጣ መስኮት መክፈት መልስ አይሆንም፤ "ጋሼ፣ ፍሬኑ ይቀዝቅዝ፣ እንቁም" ማለት ነው። ደህና ሾፌር ከጫፉ ጀምሮ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር ይይዘዋል፤ ድምፁ ያስታውቃል። የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ የሚደፋ ካለ ደግሞ ከዚያ መኪና መውረድ ይሻላል፤ የፍሬኑ ከበሮ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከመሳፈር በፊት ሁለት ነገር በዓይን ይታያል፦ መስታወቱ ላይ ያለው ቦሎ የዘንድሮ መሆኑና የፊት ጎማዎቹ ጥርስ። የቦሎ ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ዛሬ ጠዋት ፍሬኑ ደህና ነው ማለት አይደለም። መናኸሪያ ከመውጣቱ በፊት ጎማ፣ መብራትና ፍሬን የሚያይ ሰው ቢኖር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በመውጫው ላይ አንድ መስመር ቢጨመርለት ይበቃል። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፤ አደጋ ቢደርስ ትኬት ያለው ተሳፋሪ በዚያች መኪና ላይ እንደነበረ ለማስረዳት አይቸገርም። ከአጥር ውጭ የተሳፈረው ይቸገራል።

ዕቃ ያለው ሰው ዕቃው ፖርቶመጋላ (የመኪናው ጣሪያ) ላይ ሳይወጣ በፊት ዋጋውን ይነጋገር። ከወጣ በኋላ ረዳቱ የሚጠራው ዋጋ ሌላ ነው፤ ደረሰኝም የለውም። ሁለት ጆንያ ጤፍ ያለው ሰው ስሙን በከሰል ወይም በቀለም ይጻፍበት፤ ጅጋ ላይ የሚወርድ ሌላ ጆንያም ተመሳሳይ ነው።

አካል ጉዳተኛን በተመለከተ አገልግሎቱ ወድቋል፤ ሌላ ቃል የለውም። የቅጥቅጥ ደረጃ ለጤነኛ አዛውንት እንኳ ከፍ ይላል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ከበግና ከፍራሽ ጋር ፖርቶመጋላ ላይ ይታሰራል፣ አንዳንዴም ይከፈልበታል። ወረፋ ላይ ወጣቶች "አያ፣ እርስዎ ይቅደሙ" ብለው ሽማግሌ የሚያስቀድሙት በባህላቸው ነው። ሽንት ቤቱንና ጥላውን አንገመግምም፤ የገባ ያውቀዋል።

ባጃጅ ላይ አንድ ምክር ብቻ፤ ከመግባት በፊት "በሰው ነው በኮንትራት?" ብሎ መጠየቅ። የተፈቀደው ሦስት ተሳፋሪ ነው፤ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው አራተኛ ሰው መሪውን ይነካል።

መንገድ ሲዘጋና ሲበደሉ

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ ሳይታሰብ የሚዘጋበት ቀን አለ። መናኸሪያዎች ይህን ለተሳፋሪ የሚነግሩበት የተደራጀ መንገድ የላቸውም፤ ወሬው ከሾፌር ወደ ሾፌር በስልክ ይሄዳል። በዋዜማው ትኬት የቆረጠ ሰው ጠዋት መኪናው ካልወጣ ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቀው እዚያው፣ በዚያው ዕለት፣ ከቆረጠለት ሰው ነው። በማግሥቱ ሠራተኛው ይቀየርና ነገሩ ይወሳሰባል። አስተማማኝ መረጃ የሚገኘው ከወዲያኛው ጫፍ በዚያ ጠዋት ተነስቶ ከገባ ሾፌር ነው፤ ከሚወጣው አይደለም።

ለቅሬታ "ሚኒባሱ አስከፈለኝ" ማለት አያስኬድም። የሰሌዳ ቁጥሩ፣ የተነሱበት ሰዓት፣ መነሻና መድረሻ፣ የተከፈለው ገንዘብና የተለጠፈው ታሪፍ አብረው ይጻፉ፤ ሰዓቱ ካለ መውጫው ከጥራዙ ላይ ይገኛልና ሾፌሩ "ያን ቀን አልሠራሁም" ማለት አይችልም። የተለጠፈውን ታሪፍ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል፤ አንዳንዱ ወረቀት ታሪፍ ሲቀየር ሳይነሳ ይቀርና የትኛው እንደሚሠራ ያከራክራል፤ ማኅተምና ቀን ያለው ነው የሚያዘው። መጀመሪያ ለመናኸሪያው ተቆጣጣሪ፣ እሱ ካልመለሰ መስመሩ በአንድ ዞን ውስጥ ከሆነ ለመምሪያው፣ ዞን ከተሻገረ ለክልሉ ይቀርባል። ሁለት ቅጂ ተጽፎ አንዱ ላይ "ደርሶኛል" ተብሎ ይፈረምበት፤ መዝገብ ቤት ሳይገባ በቃል የተነገረ ቅሬታ የትም አይሄድም። ብዙ ሰው በአንድ መኪና ላይ አንድ ወረቀት ሲፈርም ደግሞ ቶሎ ይታያል፤ መንገድ ላይ እያሉ ስምና ስልክ መሰብሰብ ስለሚቀል፣ ከመውረድ በፊት ይደረግ።